ለኢሚግሬሽን ማመልከቻ ጠበቃ ልቅጠር ወይስ ራሴ ልሙላው?

አሜሪካ ውስጥ ሁለት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የዜግነቱን፣ ኤን-400 የተባለውን ቅጽ፣ ብቻዬን ሞላሁት። ለባለቤቴ ያስገባሁትን አይ-130፣ የቤተሰብ ማስመጫ ቅጹን፣ ደግሞ ለጠበቃ ሰጠሁ። አጭሩን ቅጽ ከፍለሽ አስሞልተሽ ረጅሙን ለምን ራስሽ ሞላሽ የሚሉኝ አሉ። እኔ ገጽ አልቆጠርኩም፤ የእያንዳንዳችንን ያለፈ ታሪክ ነበር ያየሁት።

የእኔ ታሪክ ንጹህ ነበር። ግሪን ካርድ ከያዝኩ 5 ዓመት ሞልቶኛል፣ ከአገር ወጥቼ 6 ወር የቆየሁበት ጊዜ የለም፣ ግብር ከፍያለሁ፣ ተይዤ አላውቅም። መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ የጉዞ ቀኖቼን ከፓስፖርቴ ማኅተሞች ላይ ለቅሜ በሁለት ቅዳሜ ጨረስኩ። ጠበቃ ብቀጥርም እነዚያን ቀኖች ለቅሜ የማመጣው እኔው ነበርኩ።

ባለቤቴ ግን ከመጋባታችን በፊት የጎብኚ ቪዛ ተከልክሎ ነበር። ቅጹን የሞላለት አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ምን ብሎ እንደሞላው ስጠይቀው አያውቅም። ከብዙ ልመና በኋላ ቅጂው ሲገኝ፣ ባለቤቴ ረግጦት በማያውቅ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ተብሏል። እንዲህ ያለው ሐሰት ቪዛ ለማግኘት ሆን ተብሎ የቀረበ ነው ከተባለ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ያንን ክልከላ ማስነሳት ራሱን የቻለ ማመልከቻና ብዙ ማስረጃ ይጠይቃል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠበቃዋ እውነቱን አስቀድማ አስረዳች፤ ቆንስላው ጥያቄውን ሲያነሳም የይቅርታ ማመልከቻው ከነማስረጃው ተዘጋጅቶ ነበር።

ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት ወረቀት ይዘው ለራስዎ በእውነት ይመልሱ። ተከልክለው ያውቃሉ? ክሱ ቢሰረዝም እንኳ ተይዘው ያውቃሉ? ሌላ ሰው በስምዎ ቅጽ ሞልቷል? ከተፈቀደልዎ ጊዜ በላይ ቆይተዋል? በተለይ የመጨረሻውን አይናቁት። ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ሊታገድ ይችላል። ጠበቃ ሳያማክሩ የአውሮፕላን ቲኬት አይቁረጡ።

መልስዎ ሁሉ «የለም» ከሆነ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። ጠበቃ ወረፋ አያሳጥርም። ከተጠራጠሩ ጉዳዩን በሙሉ ሳያስረክቡ ለአንድ ሰዓት ምክር ብቻ መክፈል ይቻላል፤ ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ነው።

መቅጠር ግድ ከሆነ የሕግ ምክር እንዲሰጡ የተፈቀደላቸው ፈቃድ ያላቸው ጠበቆችና በፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የተሰጣቸው ወኪሎች ናቸው። ወኪሎቹ ለትርፍ ባልተቋቋሙ ድርጅቶች ውስጥ ስለሚሠሩ ክፍያቸው ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው። ኖተሪ ፐብሊክ ፊርማ ያረጋግጣል እንጂ በዚያ ሥልጣኑ ስለ ኢሚግሬሽን ሊያማክር አይችልም። የጠበቃውን ፈቃድ ከሰጠው ክፍለ ግዛት ያጣሩ። «በእርግጠኝነት አስጨርስልዎታለሁ» የሚልዎትን ይሽሹ። ቅጹን ያዘጋጀልዎት ሰው በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ለአዘጋጅ በተለየው ቦታ ስሙን ጽፎ መፈረም አለበት፤ አልፈርምም ካለ ወረቀትዎን ይዘው ይውጡ።

ባዶ ቅጽ ላይ አይፈርሙ፤ የገባውንም ማመልከቻ ሙሉ ቅጂ በዚያው ቀን ይቀበሉ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ቅጂ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ በስሙ የተጻፈውን ለማወቅ ወራት ባልፈጀብን ነበር።