የዘጌን ታሪክ ለሕዝብ ለማቅረብ የሚያስቡ ተመራማሪዎች አስቀድመው ዘጌ ይውረዱ

በጣና ዳርቻ የሚሠራ የታሪክ ተመራማሪ ጥናቱን ለሕዝብ ለማድረስ ሲያስብ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚታየው የሬዲዮ ስቱዲዮ ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ፤ መረጃውን የሰጡት ሰዎች ውጤቱን እንደ ማንኛውም አድማጭ ከሬዲዮ ሊሰሙት አይገባም። በጣና ሐይቅ ስላለችው ልሳነ ምድር ስለ ዘጌ ያጠና ሰው ከባሕር ዳር ጀልባ ተሳፍሮ በቅድሚያ እዚያው ይናገር።

ንግግርዎን ሰው በዐይኑ ከሚያየው ነገር ይጀምሩ። ዘጌ ላይ ይህ ነገር ቡናው ነው። የዘጌ ገዳም መሥራች የሚባሉት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንደበቀለ፣ በዚያም መሬት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል እንደሆነ አድማጭዎ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል። «ይህ አፈ ታሪክ ነው፤ እውነቱ ግን…» ብሎ የሚነሣ ምሁር ጉባኤውን እዚያው ያጣዋል። ትውፊቱን ሳይቆርጡ ይናገሩት፤ የማን ትውፊት እንደሆነም ይግለጹ፤ ከዚያ ክልከላው ደኑን እንዴት እንዳቆየውና ሕዝቡ ያለ እርሻ በምን ይተዳደር እንደነበር ወደሚያሳየው ማስረጃ ይሻገሩ።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በዘጌ የቡና ሥራ ውስጥ የባሪያ ጉልበት ነበረበት። ከፊትዎ የተቀመጠው ሰው የጌታውም የአገልጋዩም የልጅ ልጅ ሊሆን ስለሚችል፣ የቤተሰብ ስም ከመጥራት ይቆጠቡ፤ ጉዳዩን አለዝቦ ማለፍ ግን ታሪክን መሸሸግ ነው። ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ከጉባኤው በፊት ቡና ላይ አግኝተው ምን እንደሚናገሩ ያሳውቋቸው። ይህ ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ አይደለም። በገዳማቱ ያለ የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ ለማሳየት ግን ፈቃድ የግድ ነው፤ ስርቆት ስላለ መጽሐፉ የት እንደሚቀመጥም አይናገሩ።

በዘመን አቆጣጠር ላይ የሚፈጸም ስሕተት ቀላል ይመስላል። አንድ ጊዜ «ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ» ብዬ ስናገር፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ መምሬ «ልጄ፣ ያንጊዜማ ፋሲል ከነገሡ ስምንት ዓመታቸው ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ እኔ ከፈረንጅ መጻሕፍት እንዳለ የገለበጥሁት ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1624 ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመተ ምሕረትን ብቻ እጠቀማለሁ።

የጀልባ አስጎብኚዎችንም አይርሱ፤ የእርስዎን አንድ ንግግር እነርሱ ዓመቱን ሙሉ ይደግሙታል። ለእነርሱ የሚያዘጋጁት ጽሑፍ ከሁለት ገጽ ሳይበልጥ ታጥፎ ደረት ኪስ የሚገባ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚናወጥና ውኃ ስለሚረጭ በላስቲክ ተለብጦ ቢሰጣቸው ይመረጣል።