ከብዙ ታይም ሲሪስ መሃል ማን ማንን እንደሚነዳ ለማወቅ

አብረው ሽቅብ ቁልቁል የሚሉ አሥር ታይም ሲሪሶች (በጊዜ ቅደም ተከተል የተለኩ ቁጥሮች) አሏችሁ እንበል። የትኛው የትኛውን ይነዳል? ኮሪሌሽን (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ የሚለካው ቁጥር) አቅጣጫ ስለማይናገር እዚህ ብዙም አይጠቅምም።

የተለመደው መነሻ ኢኮኖሚስቱ ክላይቭ ግሬንጀር በ1969 ያቀረበው ፈተና ነው። ኤክስና ዋይ የሚባሉ ሁለት ሲሪሶችን ውሰዱ። ዋይን ከራሱ ያለፈ ታሪክ ብቻ ተነሥታችሁ ተንብዩ። ቀጥሎ የኤክስን ያለፈ ታሪክ ጨምሩበት። ትንበያው ከምር ከተሻሻለ ኤክስ ዋይን «ግሬንጀር ኮዝ» ያደርጋል ይባላል። ልብ በሉ፣ ይህ ለትንበያ መርዳቱን እንጂ እውነተኛ መንስኤነቱን አያረጋግጥም።

መጀመሪያ ግን ዳታው ስቴሽነሪ (አማካዩና መዋዠቁ በጊዜ የማይቀየር) መሆኑን በዲኪ-ፉለር ፈተና ፈትሹ። ዝም ብለው የሚያድጉ ሁለት ሲሪሶች ምንም ሳይገናኙ ዝምድና ያላቸው ይመስላሉ። ስቴሽነሪ ካልሆነ ዲፈረንስ አድርጉት፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ቁጥር የበፊቱን ቀንሱ። የላጉን ብዛት (ስንት ጊዜ ወደኋላ እንደምታዩ) ሞዴሎችን የሚያወዳድሩት ኤአይሲ ወይም ቢአይሲ የሚባሉ መለኪያዎች ይምረጡላችሁ።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ሁለት ሁለቱን እያነጠላችሁ ስትፈትኑ ነው። ዜድ የሚባል ሦስተኛ ሲሪስ ኤክስን በአንድ ቀን፣ ዋይን ደግሞ በሁለት ቀን ዘግይቶ የሚነካ ከሆነ፣ ኤክስና ዋይ በመካከላቸው ምንም ሳይኖር ኤክስ ዋይን የሚነዳ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቫር ሞዴል (እያንዳንዱን ሲሪስ ከሁሉም ሲሪሶች ያለፈ ታሪክ የሚተነብይ) ውስጥ አስገቡና፣ ሌሎቹ ባሉበት የኤክስ ላጎች ኮኤፊሸንቶች (የተጽዕኗቸው መጠን) በሙሉ ዜሮ ናቸው ወይ ብላችሁ ፈትኑ። የፓይተኑ ስታትስሞዴልስ ላይብረሪ ውስጥ ያለው የግሬንጀር ፋንክሽን በነገራችን ላይ ጥንድ ብቻ ነው የሚፈትነው፤ ያውም ሁለተኛው ኮለም የመጀመሪያውን ይነዳ እንደሆነ ነው እንጂ በተቃራኒው አይደለም፣ ሰው ሁሉ የሚገለብጠው እሱን ነው።

አሥር ሲሪስ በአምስት ላግ ማለት በእያንዳንዱ ኢኩዌሽን 50 ኮኤፊሸንት ነው። ዳታው አጭር ከሆነ ሞዴሉ ይንኮታኮታል። ያኔ ላሶ (ደካማ ኮኤፊሸንቶችን ወደ ዜሮ የሚስብ ዘዴ) ተጠቀሙ፣ ወይም ቲግራማይት ላይብረሪ ውስጥ ያለውን፣ የማያስፈልጉ ግንኙነቶችን አስቀድሞ የሚያጣራውን ፒሲኤምሲአይ ሞክሩ። ደግሞ ከአሥር ሲሪስ «ይህ ያንን ይነዳል» የሚል 90 አቅጣጫ ይወጣል፤ በ5 በመቶ ደረጃ ስትፈትኑ ምንም ግንኙነት ባይኖር እንኳ በአማካይ አራት አምስቱ በአጋጣሚ «አለ» ይሏችኋል። ፒ-ቫልዩውን (ግንኙነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የሚገኝበትን ዕድል) ለብዙ ፈተና በተሠራው የቤንጃሚኒ-ሆክበርግ ማስተካከያ አስተካክሉ።

ግንኙነቱ ሊኒየር (በቀጥታ መስመር የሚሄድ) ካልሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚፈሰውን መረጃ የሚለካው ትራንስፈር ኢንትሮፒ አለ፣ ግን ብዙ ዳታ ይበላል።

ያልለካችሁትን ዜድ ግን የትኛውም ዘዴ በቀላሉ አያወጣላችሁም። ተጽዕኖው በደቂቃ የሚያልፍ ሆኖ ዳታችሁ የቀን ከሆነም፣ ላግ ብታበዙ ዋጋ የለውም፤ ጠጋ ጠጋ ብሎ የተለካ ዳታ ፈልጉ።