ጣሊያን ውስጥ ቡና ሲያዝዙ
ከወዳጅዎ ጋር ወደ ጣሊያን የሚጓዙ ከሆነ፣ ቡና ቤት ገብተው «ላቴ» ብለው አይዘዙ፤ ቃሉ በጣሊያንኛ ወተት ማለት ስለሆነ፣ ሮም ውስጥ ጓደኛዬን እንዳጋጠመው ቡና ያልነካው አንድ ብርጭቆ ነጭ ወተት ሊቀርብልዎ ይችላል። ማኪያቶ ለእኔ ብርቅ አይደለም ብዬ በእርሱ ስስቅ፣ ለእኔም የመጣልኝ ወተት ጠብ የተደረገበት፣ በአንድ ጉንጭ የሚያልቅ መራራ ኤስፕሬሶ ነበር። የአዲስ አበባውን የሚመስል የፈለገ «ካፌላቴ» ወይም «ካፑቺኖ» ይበል። ኪስ የሚነካው ግን መቀመጫው ነው፦ በብዙ ቡና ቤቶች ባንኮኒው ጋ ቆመው የሚጠጡት ቡና ጠረጴዛ ይዘው ከሚጠጡት ስለሚረክስ፣ ከመቀመጥዎ በፊት የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ያንብቡ፤ እኛ ያነበብነው ሂሳብ ከመጣ በኋላ ነው።