ከዕለቱ ወንጌል ስብከት እንዴት ይዘጋጃል? የሉተራን ሰባኪ መንገድ ከአድቬንት እስከ ዓመቱ ፍጻሜ

በአብዛኞቹ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ሰባኪው የእሑዱን ንባብ አይመርጥም፤ ንባቡ ቀድሞ ተመርጦ ይጠብቀዋል። ጀማሪ ሰባኪ ይህን እንደ ሸክም ሊያየው ይችላል። እኔ ግን ለሰባኪውም ለሰሚውም የተሰጠ ጥበቃ ነው ብዬ አምናለሁ። ምርጫው በእጃችን ቢሆን ኖሮ ወደምንወዳቸው አምስት ስድስት ክፍሎች ስንመላለስ እንኖር ነበር። አንዱ ዓመቱን ሙሉ ስለ ትጋት፣ ሌላው ዓመቱን ሙሉ ስለ መጽናናት ይሰብካል፤ አስቸጋሪዎቹ የጌታ ቃላት ደግሞ ሳይነኩ ይቀራሉ። የቤተ ክርስቲያን ዓመት ግን ምእመናንን ሁሉ በክርስቶስ ሕይወት ውስጥ ይዞአቸው ይሄዳል፤ ከተስፋው ወደ ልደቱ፣ ከጥምቀቱ ወደ መስቀሉ፣ ከባዶው መቃብር ወደ መንፈስ ቅዱስ መውረድ።

ከዚህ በታች ያለው በመጀመሪያ ለሰባኪዎች የተጻፈ ነው። ሆኖም ተቀምጦ የሚሰማ ምእመንም የሰማውን ለመመዘን ሊጠቀምበት ይችላል።

አንደኛ፦ ዓመቱ የት እንደደረሰ እወቁ

የቤተ ክርስቲያን ዓመት የሚጀምረው በአድቬንት፣ የጌታን መምጣት በምንጠባበቅበት ወቅት፣ የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ ይህም ከዲሴምበር 25 በፊት ያለው አራተኛ እሑድ ነው። ይህ እሑድ ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ከዚያ ልደት፣ ኤጲፋንያ (የጌታ መገለጥ)፣ ዐቢይ ጾም፣ ሕማማት፣ ትንሣኤ፣ ዕርገት፣ በዓለ ሃምሳና የሥላሴ እሑድ ይከተላሉ። ቀሪው የዓመቱ ግማሽ ያህል፣ መሠዊያው አረንጓዴ የሚለብስበት ረጅሙ ወቅት ነው።

የምትገለገሉበትን የንባብ ሥርዓት ለዩ። ሁለት አሉ። ጥንታዊው በየዓመቱ ያንኑ ወንጌል ይመልሳል። ማርቲን ሉተር ከመካከለኛው ዘመን የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የወረሰው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1523 ባወጣው የአምልኮ ሥርዓት፣ የመልእክታቱን ንባቦች የመረጠው ሰው ከእምነት ይልቅ ለሥራ የሚያደላ ይመስላል ብሎ ነቅፏል፤ የእሑድ ወንጌሎቹን ግን አልጣላቸውም። እንዲያውም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ1521 እስከ 1522 በዋርትቡርግ ግንብ ተሸሽጎ ሳለ፣ መስበክ ለቸገራቸው ካህናት በእነዚሁ ንባቦች ላይ የተመሠረቱ ስብከቶችን ይጽፍ ነበር። በ1723 በላይፕሲግ ሥራ የጀመረው የሙዚቃ ደራሲው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽም ለእሑድ አምልኮ ካዘጋጃቸው ካንታታዎች (በመዘምራንና በሙዚቃ መሣሪያ የሚቀርቡ ዝማሬዎች) አብዛኞቹ በዕለቱ ወንጌል ዙሪያ የተቃኙ ናቸው። ከመድረክ የተሰበከው ቃል በመዘምራኑም አፍ ይሰማ ነበር።

ሁለተኛው የሦስት ዓመት ሥርዓት ነው። መሠረቱ የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1969 ያወጣችው የንባብ መጽሐፍ ሲሆን፣ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ለራሳቸው አስማምተው ተቀበሉት። በ1992 ደግሞ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚጋሩት የተሻሻለ ቅጂ ወጣ። በመጀመሪያው ዓመት ማቴዎስ፣ በሁለተኛው ማርቆስ፣ በሦስተኛው ሉቃስ ይነበባል። ዮሐንስ የራሱ ዓመት የለውም፤ በተለይ በጾምና በትንሣኤ ወቅት ይገባል። የየትኛው ወንጌላዊ ዓመት እንደሆነ ከጠፋባችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ዓመቱ የሚያልቅበትን የጎርጎርዮስ ዓመት ለ3 አካፍሉት። ምንም ካልቀረ ሉቃስ፣ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ ነው። 2025 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል የሉቃስ ዓመት ነበር።

ሁለተኛ፦ ማብራሪያ መጻሕፍት ሳትከፍቱ አንብቡ

ሰኞ ወይም ማክሰኞ ወንጌሉን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡ። ዓይን የለመደውን ቃል ይዘላል፤ ጆሮ ግን ይይዘዋል። የገረማችሁን፣ ያስደነገጣችሁን፣ ለመዝለል የቃጣችሁን ጻፉ። ብዙ ጊዜ ስብከቱ ያለው ለመዝለል በቃጣችሁበት ቃል ውስጥ ነው። ከዚያ ሌሎቹን ንባቦች ጨምሩ፦ ብሉይ ኪዳኑን፣ መዝሙሩን፣ መልእክቱን። የብሉይ ኪዳኑ ንባብ ብዙውን ጊዜ ከወንጌሉ ጋር እንዲናበብ የተመረጠ ነው። በትንሣኤ ወቅት ቦታውን የሐዋርያት ሥራ ይወስዳል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙዎች ይረሱታል፤ ያለፈውንና የሚመጣውን እሑድ ወንጌል አብራችሁ አንብቡ። አንድ ክፍል ጎረቤቶቹ ሲለወጡ ፊቱ ይለወጣል። ከነዓናዊቷን ሴት እንውሰድ (ማቴ. 15፥21-28)። በጥንታዊው ሥርዓት ይህ ወንጌል በዐቢይ ጾም ሁለተኛ እሑድ ይነበባል። ከሳምንት በፊት ምእመናኑ የሰሙት ጌታ በምድረ በዳ በዲያብሎስ ሲፈተን ነው። አሁን ደግሞ የምትፈተነው አንዲት እናት ናት፤ የሚፈትናትም የእግዚአብሔር ልጅ ዝምታ ነው። በሦስት ዓመቱ ሥርዓት ግን ክፍሉ በማቴዎስ ዓመት፣ በረጅሙ አረንጓዴ ወቅት ይመጣል፤ ከእርሱ በፊት ባለው እሑድ ጴጥሮስ በውኃው ላይ ይሰምጣል። ከጌታ ጋር በታንኳ ይጓዝ የነበረው ደቀ መዝሙር «አንተ እምነት የጎደለህ» ተባለ። በሳምንቱ ከውጭ የመጣች፣ ምንም መብት የሌላት ሴት «እምነትሽ ታላቅ ነው» ተባለች። የሚነበበው ቃል አንድ ነው፤ ስብከቱ ግን ሁለት ነው። በመጀመሪያው ስፍራ የምትሰብኩት ፈተና ውስጥ ላለ ሰው ነው፤ በሁለተኛው እምነት ከምን እንደሚበቅል ትናገራላችሁ።

ሦስተኛ፦ ጌታ ምን እያደረገ ነው?

ብዙ ስብከት የሚበላሸው «ከዚህ ክፍል ምን ትምህርት እናገኛለን?» ብሎ ሲጀምር ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። ሉተር ወንጌሎች እንዴት እንደሚነበቡ ባስረዳበት አጭር ጽሑፉ፣ ክርስቶስን አስቀድመን እንደ ስጦታ እንድንቀበለው፣ ምሳሌ አድርገን የምንከተለው ከዚያ በኋላ እንዲሆን አሳስቧል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክርስቶስ ሁለተኛ ሙሴ ይሆንብናል።

ስለዚህ በወረቀታችሁ ላይ በንባቡ ውስጥ ጌታ ባለቤት የሆነባቸውን ግሦች ሁሉ ጻፉ፦ ሄደ፣ ዝም አለ፣ መለሰ፣ ፈወሰ። ስብከቱ በእነዚህ ግሦች ላይ ይቆማል።

አራተኛ፦ ሕግንና ወንጌልን ለዩ

የሉተራን ስብከት ልብ ይህ ነው። ከባዱም ይኸው ነው።

ሕግ እግዚአብሔር የሚጠይቀውን ይናገራል፤ ስለዚህም ያልፈጸምነውን ያጋልጣል። ወንጌል እግዚአብሔር በክርስቶስ የሰጠንን ይናገራል። ሁለቱም የእግዚአብሔር ቃል ናቸው፤ ሁለቱም ይሰበካሉ። አደጋው ሲደባለቁ ነው። በከነዓናዊቷ ሴት ላይ የሚሰማው የተለመደ ስብከት «እንደ እርስዋ ጽኑ፣ እንደ እርስዋ አትታክቱ፣ መልስ ታገኛላችሁ» ይላል። የምሥራች ይመስላል፤ ግን ሕግ ነው። ለልጁ አሥር ዓመት ጸልዮ መልስ ያላገኘ አባት ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። እርሱ ይዞት የሚሄደው «እምነትህ አልበቃም» የሚለውን ፍርድ ብቻ ነው። ይህ ሰው እንዲህ ሆኖ እንዳይሄድ ስንል ነው ሕግንና ወንጌልን መለየት የምንማረው።

ወደ ንባቡ ተመለሱ። ሕጉ የት አለ? ዝምታው ውስጥ፣ «የልጆችን እንጀራ ይዞ ለቡችሎች መጣል አይገባም» በሚለው ከባድ ቃል ውስጥ። ሴትየዋ ራስዋን አልተከላከለችም፤ «አዎን ጌታ ሆይ» አለች። የተባለችውን ተቀበለች። ወንጌሉስ? በራሱ በጌታ ቃል ያዘችው፤ ቡችላም እኮ ከጌቶቹ ማዕድ የወደቀ ፍርፋሪ አለው። ሉተር በዚህ ክፍል ላይ ሲሰብክ፣ በክርስቶስ «አይሆንም» ሥር ጥልቅ የሆነ «አዎን» ተሰውሮ እንዳለ አሳይቷል። እምነትዋ ታላቅ የተባለው ብርቱ ስለሆነች አይደለም፤ የያዘችው ጌታ መሐሪ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ለዚያ አባት የሚነገረው ይህ ነው፦ ዝም ያለህ ጌታ አልጣለህም፤ ለአንተ የተሰበረውን ሥጋ፣ ለአንተ የፈሰሰውን ደም ዛሬ በማዕዱ ላይ ይሰጥሃል። አንተ የተጠራኸው ከማዕዱ በታች ሳይሆን በማዕዱ ዙሪያ ነው።

ሦስት ነገሮችን ተጠንቀቁ። ሕጉን ወደ ምክር አታውርዱት፤ «ትንሽ ብናሻሽል» የሚል ሕግ ማንንም ወደ ንስሓ አያመጣም። ወንጌሉን በ«ግን» አታስሩት፤ «ይቅር ብሎሃል፣ ግን ብትታዘዝ ነው» ያለ ሰባኪ የሰጠውን መልሶ ወስዷል። ሦስተኛው፣ ስለ ይቅርታ ከማውራት ወደ መስጠት ተሻገሩ። በ1530 የቀረበው የአውግስቡርግ እምነት መግለጫ በአምስተኛው አንቀጹ፣ እግዚአብሔር የስብከትን አገልግሎት ያቆመው ሰዎች ወደ እምነት እንዲመጡ እንደሆነ፣ በቃሉና በምሥጢራቱም መንፈስ ቅዱስ እንደሚሰጥ ይናገራል። እንዲህ ከሆነ ሰባኪው ፊት ለፊት ላለው ሰው «ኃጢአትህ ስለ ክርስቶስ ተሰርዮልሃል» ሊለው ይገባል፤ ምእመኑ ከመድረኩ እስኪሰማው የሚጠብቀው ይህንን ነው።

የጊዜ ክፍፍልን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ለሕግ፣ ሁለተኛው ለወንጌል የሚል ደንብ የለም። የንባቡን አካሄድ ተከተሉ። በአሜሪካ ያስተማረው የሉተራን የነገረ መለኮት መምህር ካርል ፈርዲናንድ ቪልሄልም ቫልተር በ1884 እና 1885 ለተማሪዎቹ ስለዚሁ ጉዳይ ባስተማረበት ተከታታይ ትምህርት፣ 25ኛውና የመጨረሻው ነጥቡ በስብከት ውስጥ በአጠቃላይ ወንጌሉ ማየል አለበት የሚል ነበር። እኔም ስብከቴን የምመዝነው በዚህ ነው።

አምስተኛ፦ ስብከቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያዙ

እስከ ሐሙስ ድረስ አንድ ዐረፍተ ነገር ይኑራችሁ። ባለቤቱ እግዚአብሔር ይሁን፤ ተቀባዩ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው ይሁን። «ክርስቶስ በዝምታው ውስጥ እንኳ አንተን ይዞሃል» ይበቃል። «መጽናት አለብን» አይበቃም። ለዚህ ዐረፍተ ነገር የማይሠራ ታሪክ፣ ምሳሌ፣ የቃል ትርጉም ሁሉ ያማረ ቢሆንም ይውጣ።

ስድስተኛ፦ የወቅቱን ወጥመድ አስቀድማችሁ እዩ

አድቬንት ላይ ወደ ልደት አትሩጡ። በሦስት ዓመቱ ሥርዓት ሁለተኛውና ሦስተኛው እሑድ የመጥምቁ ዮሐንስ ናቸው፤ ይናገር። በልደት ቀን ደግሞ አሳጥሩ።

በሕማማት ሰሞን ስብከቱ ለጌታ ማዘን ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ሉተር በ1519 በጻፈው የሕማማት ማሰላሰያ፣ መከራውን ሲያስቡ በአይሁድ ላይ የሚቆጡትንም ለክርስቶስ የሚያለቅሱትንም ነቅፎ፣ መስቀሉ የእኔን ኃጢአት እንዲያሳየኝ ነው ብሏል። በስቅለት ዓርብ የዮሐንስን ሕማማት የሚሰብክ ሰው ይህን አጥብቆ ይያዝ። ሉተር ራሱ በ1543 ስለ አይሁድ የጻፈው መርዘኛ ጽሑፍ ይህን ትምህርቱን የካደ ነው፤ ብዙ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናትም በይፋ ተቃውመውታል። ከመድረክ «እነርሱ ሰቀሉት» የሚል ቃል አይውጣ።

በትንሣኤ እሑድ ትንሣኤውን በማስረጃ ለማረጋገጥ አትድከሙ፤ አውጁት። ከሳምንት በኋላ በሁለቱም ሥርዓቶች፣ በየዓመቱ፣ ዮሐንስ 20፥19-31 ይመጣል። ቶማስን መውቀስ ቀላል ነው። ጌታ ግን በተዘጋ ደጅ ገብቶ አልወቀሰም፤ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» አለ፣ ቁስሉንም አሳየ። የፈሩ ሰዎች ወዳሉበት ራሱ ይመጣል፤ በዚያ እሑድ ሌላ ነገር ባትሰብኩ ምንም አይጎድልም።

በረጅሙ ወቅት ምሳሌዎቹ ይበዛሉ፤ የግብረ ገብ ትምህርት ማድረግም ይቀናናል። በማርቆስ ዓመት ደግሞ ዮሐንስ ምዕራፍ 6 ከሦስት እስከ አምስት እሑዶች ሊይዝ ይችላል። ከወር በፊት ተቀምጣችሁ ካልከፋፈላችሁት በሁለተኛው እሑድ የምትሉት ያልቅባችኋል። የአምስቱን ሺህ መመገብ፣ የሕይወት እንጀራ መሆኑን፣ የሰሚዎቹን ማጉረምረምና የጴጥሮስን «ወደ ማን እንሄዳለን?» ለየእሑዱ አከፋፍሉ።

ሰባተኛ፦ ለጆሮ ጻፉ

አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች፣ አንድ ሐሳብ በአንድ ጊዜ። ሰሚ ገጽ ገልብጦ ወደ ኋላ አይመለስም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው። ቅዳሜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ይስተካከል። የመጨረሻውን አንቀጽ በቃል ያዙት፤ ይቅርታን ስታውጁ ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ሰዎቹ ላይ መሆን አለበት።

እሑድ ማታ ሳይረሳችሁ ጽሑፉ ጫፍ ላይ ቀኑን፣ የእሑዱን ስምና ያ አንድ ዐረፍተ ነገር በትክክል መሰማት አለመሰማቱን አስፍሩ። ንባቡ ከዓመት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ አሮጌውን ስብከት የምትከፍቱት አዲሱን ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን።