ፋይሎችዎን በራስዎ እጅ ለማድረግ፦ ያልተማከለ ማከማቻን ከመሠረቱ ማደራጀት

የክላውድ አገልግሎቶች ውል የፎቶግራፎችዎና የሰነዶችዎ ባለቤት እርስዎ እንደሆኑ ሊገልጽ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ፋይሎቹ ያረፉበትን ማሽን የሚያስተዳድረው፣ መግቢያውንም የሚከፍተውና የሚዘጋው ሌላ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የማኅበራዊ ትስስር ድረ ገጹ ማይስፔስ በሰርቨር ዝውውር ምክንያት ከሦስት ዓመት በላይ የቆዩ ሙዚቃዎች፣ ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች ሊጠፉ እንደቻሉ ባስታወቀ ጊዜ፣ ሌላ ቅጂ ያልያዙ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ከአገልግሎቱ የሚያስመልሱበት መንገድ አልነበራቸውም። ያልተማከለ ማከማቻ ፋይልን በአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ብቻ ከማኖር ይልቅ በተለያዩ ሰዎችና ቦታዎች በሚገኙ ኮምፒውተሮች ላይ ማሰራጨት ማለት ነው። ብዙዎች ሥራውን የሚጀምሩት «የትኛውን ኔትዎርክ ልምረጥ?» ብለው ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ይህ ጥያቄ በመጨረሻ ሊመጣ ይገባዋል፤ ሙሉ ቅጂውና ቁልፉ (ፋይሎቹን የሚከፍተው የይለፍ ቃል) በእርስዎ እጅ ካልሆኑ የኔትዎርኩ ዓይነት ብዙ ለውጥ አያመጣምና።

ስለዚህ በቅድሚያ ያለዎትን ያውጡ። ጉግል ለዚህ ቴክአውት የተባለ መሣሪያ አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሰዎች የሰጡትን የግል መረጃ ማሽን በሚያነበው ቅርጽ መልሰው እንዲቀበሉ መብት ስለሰጠ፣ ሌሎች ትልልቅ አገልግሎቶችም ተመሳሳይ መውጫ አዘጋጅተዋል። የወረደውን ጥቅል ሳይፈትሹ ከክላውዱ ላይ ምንም አይሰርዙ። በተለይ ከቴክአውት የሚወጡ ፎቶግራፎች ቀናቸውንና መግለጫቸውን ጎን ለጎን በተቀመጠ የጽሑፍ ፋይል ይዘው ስለሚመጡ፣ ያንን ትንሽ ፋይል እንደ ትርፍ ቆጥሮ መጣል ስህተት ነው። በአንድ ድርጅት ፕሮግራም ብቻ የሚከፈቱ ሰነዶች ካሉዎት ደግሞ በፒዲኤፍ ወይም በግልጽ ጽሑፍ ተጨማሪ ቅጂ ያዘጋጁ።

ቀጥሎ ሁለት የራስዎን መሣሪያዎች ያገናኙ። ለዚህ የምመርጠው ሲንክቲንግን ነው፤ የምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ ፋይሎችን የሚያስቀምጥ ማዕከላዊ ሰርቨር የለውም። መሣሪያዎቹ በኢንተርኔት እንዲገናኙ የሚያግዙ አገናኝ ሰርቨሮች ቢኖሩም፣ በመካከላቸው የሚያልፈው መረጃ የተመሰጠረ ስለሆነ ይዘቱን ማንበብ አይችሉም። ፕሮግራሙን በሁለቱም ላይ ከጫኑ በኋላ በኮምፒውተርዎ ማሰሻ 127.0.0.1:8384 ብለው የመቆጣጠሪያ ገጹን ይክፈቱ፤ የአንዱን መሣሪያ መለያ በሌላው ላይ ያስገቡ፤ ከዚያም የሚጋሩትን ፎልደር ይምረጡ። ሦስተኛ መሣሪያ በወዳጅ ወይም በዘመድ ቤት ማስቀመጥ ከቻሉ፣ ፎልደሩን ለዚያ መሣሪያ ሲያጋሩ የምስጠራ የይለፍ ቃል ይስጡት፤ በዚህ መንገድ ያ ማሽን ፋይሎችዎን ይይዛል እንጂ አይከፍታቸውም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጎዳ አንድ ስህተት አለ፤ ማመሳሰል (በአንዱ መሣሪያ ላይ የተደረገውን ለውጥ በሌላውም ላይ መድገም) መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። እኔም ራሴ አንድ ጊዜ በስልኬ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ አንድ ፎልደር ሰርዤ፣ ስረዛው ወዲያውኑ ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሲተላለፍ ቆሜ ተመልክቻለሁ። መፍትሔው የተለወጡና የተሰረዙ ፋይሎችን የቀድሞ ቅጂ የሚያቆየውን አማራጭ ማብራት ነው፤ ነገር ግን አማራጩ የሚሠራው ከሌላ መሣሪያ በመጣ ለውጥ ላይ ብቻ እንጂ በዚያው መሣሪያ ላይ በተደረገ ለውጥ ላይ ስላልሆነ፣ ማብራት ያለብዎት ሰነዶቹን በሚያርሙበት ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ቅጂውን በሚቀበለው ላይ ነው። ከዚህም በተጨማሪ ከኤሌክትሪክና ከኢንተርኔት ተነቅሎ የሚቀመጥ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይኑርዎት።

ፋይሎችዎ ወደማያውቋቸው ሰዎች ኮምፒውተር ከመውጣታቸው በፊት በራስዎ ማሽን ላይ መመስጠር አለባቸው። ለየዕለቱ ሥራ ክሪፕቶሜተር፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ሬስቲክ የተባሉት ፕሮግራሞች በቂ ናቸው፤ ሁለቱም የፋይሉን ይዘት ብቻ ሳይሆን ስሙንም ይመሰጥራሉ። የዚህ ነፃነት ዋጋ ከባድ መሆኑን ግን ልሸሽገው አልፈልግም። የሬስቲክ የይለፍ ቃል ከጠፋ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብለው የሚያመለክቱበት ቦታ የለም፤ ፋይሎቹም አይከፈቱም። በዚህ ምክንያት ቁልፉን በወረቀት ላይ ጽፈው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ። አንድ ሰው ብቻውን ሊያገኘው ይችላል የሚል ስጋት ካለዎት፣ የምስጠራ ሳይንስ ተመራማሪው አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ምስጢርን የመከፋፈል ዘዴ ይረዳዎታል፤ ለምሳሌ ቁልፉ በሦስት ይከፈልና ማናቸውም ሁለት ክፍሎች ሲገናኙ ይመለሳል፤ አንዱ ክፍል ለብቻው ግን ምንም አይገልጽም።

ወደ ሰፊው ኔትዎርክ የሚወጡት ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው አይፒኤፍኤስ (ሙሉ ስሙ «በፕላኔቶች መካከል ያለ የፋይል ሥርዓት» ማለት ነው) ፋይልን የሚጠራው በተቀመጠበት ቦታ ሳይሆን ከይዘቱ በሚሰላ አድራሻ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አድራሻው ስለሚለወጥ፣ የደረሰዎት ፋይል ያልተነካካ መሆኑን ማንንም ሳያምኑ ማረጋገጥ ይችላሉ። ይህ ግሩም አሠራር ነው፤ ስሙ ግን ያሳስታል። ፋይልን ወደ አይፒኤፍኤስ ማስገባት ሌሎች ያስቀምጡልኛል ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው እስኪጠይቀው ድረስ ፋይሉ የሚገኘው በእርስዎ ኖድ (በኔትዎርኩ ውስጥ በሚሳተፈው ኮምፒውተርዎ) ላይ ብቻ ነው፤ በሌሎች ዘንድ የሚቀረው ጊዜያዊ ቅጂም «ፒን» ካልተደረገ፣ ማለትም እንዲቆይ ምልክት ካልተደረገበት፣ በጽዳት ጊዜ ይወገዳል። በአንጻሩ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ፋይሉን ማውረድ ይችላል፤ ያወረደውንም ማስሰረዝ አይቻልም። ስለዚህ ለሕዝብ የሚያትሙትን ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ እዚያ ያኑሩ፤ የመታወቂያና የሕክምና ሰነዶችን ግን ተመስጥረውም ቢሆን ባያወጧቸው እመርጣለሁ።

በክፍያ የሚያስቀምጡ ኔትዎርኮችም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሚሠራው ፋይልኮይን አስቀማጮች ፋይሉን በእርግጥ መያዛቸውን በየጊዜው እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል፤ ውሉ ግን የጊዜ ገደብ ስላለው መታደስ ይኖርበታል። ስቶርጅ ደግሞ ፋይልን መስጥሮ ይቆራርጠውና በብዙ ኖዶች ላይ ይበትነዋል፤ ከቁርጥራጮቹ ከፊሎቹ ቢጠፉም የቀሩት ሙሉውን ፋይል ለመመለስ ይበቃሉ። የትኛውንም ቢመርጡ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ምስጠራው የሚከናወነው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ነው ወይስ በመካከለኛው ሰርቨር? በድረ ገጽ በኩል ሲጭኑ ብዙ ጊዜ ቁልፉን የሚይዘው ሰርቨሩ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድመው በራስዎ የመሰጠሩትን ፋይል መጫን ከጥርጣሬ ያድናል።

በመጨረሻም ሁሉም ነገር መመለስ መቻሉን ይሞክሩ። ፋይሎችዎ በሌሉበት በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ቁልፉን የጻፉበትን ወረቀት ብቻ ይዘው ይቀመጡ፤ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጭነው አንድ ፎልደር ይመልሱ፤ የተመለሱትን ፋይሎች የኤስኤችኤ-256 ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ከዋናዎቹ ሃሽ ጋር ያነጻጽሩ። ሙከራውን በየስድስት ወሩ ይድገሙት። በመካከሉ የሆነ የይለፍ ቃል፣ የመግቢያ ስም ወይም አድራሻ ለማየት አሮጌውን ኮምፒውተር መክፈት ካስፈለገዎት፣ ያ ነገር ከወረቀቱ ላይ የጎደለ ስለሆነ ወዲያውኑ ይጻፉትና ሙከራውን ከመጀመሪያው ይጀምሩ።