ስለ አጋዘን አደን ከእንግዳ ጋር ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ አስጎብኚ ከሆናችሁ፣ ጀልባ የምትነዱ ወይም ጣና ዳር ካፌ ውስጥ የምታስተናግዱ ከሆነ፣ ይህ ጨዋታ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ስዊድናዊው እንግዳ ስልኩን ያወጣና ከገደለው ሙስ (የፈረንጅ አጋዘን ወገን የሆነ ግዙፍ እንስሳ) ጎን ተንበርክኮ የተነሳውን ፎቶ ያሳያችኋል። አሜሪካዊው ደግሞ በየዓመቱ ከአባቱ ጋር አጋዘን ለማደን ጫካ እንደሚገባ ይነግራችኋል። እኛ ታዲያ ወይ ፊታችንን እናጠቁራለን፣ ወይ ለማስደሰት ብለን የሌለንን "አለን" እንላለን። ነገሩን ትንሽ አውቆ መጠየቅ ይሻላል። ጨዋታውም ይጥማል፣ እንግዳውም ያከብራችኋል። ወጣት አስጎብኚዎች ላይ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እነሆ።

"እኛም አገር አጋዘን አለ"

ይህ ከሁሉም የሚበዛው ነው። እኛ አጋዘን የምንለው ባለ ጠምዛዛ ቀንዱ እንስሳ ዘመዶቹ ከብት፣ ፍየልና በግ ናቸው። ድኩላም፣ ሚዳቋም፣ የባሌው ደጋ አጋዘንም እንደዚያው። ፈረንጁ የሚያወራው ግን በእንግሊዝኛ ዲር (deer) ስለሚባለው ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ከዚህ በታች እኔም የውጭውን አጋዘን ስል እሱን ነው።

መለያው ቀንዱ ነው። የእኛዎቹ ቀንድ ውስጡ አጥንት፣ ላዩ እንደ ጥፍር ያለ ሽፋን ነው። ቅርንጫፍ የለውም፣ አንዴ ከበቀለም ዕድሜ ልክ ይኖራል። የነሱ ግን ድፍን አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይወድቃል፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይበቅላል። ሲያድግ ደም በሚዘዋወርበት ፀጉራም ለስላሳ ቆዳ ይሸፈናል። እድገቱን ሲጨርስ ቆዳው ይደርቃል፤ እንስሳው ከዛፍ ጋር እያሻሸ ይልጠዋል። በዚያ ሰሞን ያየው ሰው ይደነግጣል፤ ብጥስጣሹ ቆዳ ከቀንዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አጥንቱ በደም ቀልቶ ነው የሚታየው። ትልቅ ወንድ ሙስ በአንድ የዕድገት ወቅት የሚያበቅለው ቀንድ ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

አፍሪካ ውስጥ የዚህ ቤተሰብ ተወላጅ አንድ ብቻ ነው፤ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ጫካ የሚኖረው የባርባሪ አጋዘን። ከሰሃራ በታች አንድም ተወላጅ የለም። ስለዚህ የሌለንን ከምንጨምር ያለንን እንንገር። ዋልያና ደጋ አጋዘን በዱር የሚገኙት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ይህን የሰማ አዳኝ ወንበሩን ሳብ አድርጎ መስማቱ አይቀርም።

"አጋዘን ሁሉ ያው ነው"

አይደለም። ቺሊና አርጀንቲና ያለው ፑዱ 10 ኪሎ ገደማ ነው፤ የአላስካ ወንድ ሙስ 600 ኪሎ ያልፋል። "ቀንድ የወንድ ብቻ ነው" የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። የሬንዲር (የሰሜን በረዷማ አገሮች አጋዘን) ሴቷም ታበቅላለች። የቻይናው ውኃ አጋዘን ደግሞ ጭራሽ ቀንድ የለውም፤ ወንዱ ከአፉ የሚወጣ ረጅም ክራንቻ ነው ያለው።

የሁሉም አገር ሕግ አንድ መምሰሉ

እኛ ዘንድ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አሜሪካም በዚህ ይቀርበናል፤ የዱር እንስሳው የሕዝብ ነው፣ ግዛቶቹ በአደራ ያስተዳድሩታል። አዳኙ ፈቃድ ይገዛል፣ በተፈቀደለት ቁጥር ልክ ያድናል፣ ሥጋውን ግን መሸጥ አይችልም። ስለዚህ አሜሪካዊውን "ኪሎውን ስንት ትሸጣለህ?" ብሎ መጠየቅ ሕገወጥ ነህ እንደማለት ነው።

ጀርመን ስትሄዱ ነገሩ ይገለበጣል። የማደን መብት ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ቢያንስ 75 ሄክታር የተያያዘ መሬት ያለው ሰው የራሱ የአደን ክልል ይኖረዋል፤ ያነሰ ያላቸው ተደራጅተው መብቱን ያከራያሉ። ሥጋው በሕግ ይሸጣል። አዳኝ ለመሆን የጽሑፍ፣ የቃልና የተኩስ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። እኔን በጣም የሚነካኝ አንድ ልማድ አላቸው። ከገደሉ በኋላ ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጠው በእንስሳው አፍ ያኖራሉ፤ የመጨረሻ ጉርሻው ነው። እኛ ጉርሻ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

"አደን ማለት ማጥፋት ነው"፣ ወይም ተቃራኒው

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚካረረው፤ ሁለቱም ወገን ከአንድ አገር ያየውን ለዓለም ያደርገዋል።

አሜሪካ ውስጥ ነጭ ጭራ አጋዘን እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከግማሽ ሚሊዮን በታች ደርሶ ነበር። የጨረሰው ሥጋና ቆዳ ለገበያ የሚያቀርበው አደን ነው። ከዚያ ሽያጩ ተከለከለ፣ ወቅትና ቁጥር ተወሰነ። በ1937 በወጣ ሕግ ደግሞ ከጠብመንጃና ከጥይት የሚሰበሰብ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተደረገ። ዛሬ ቁጥሩ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። አዳኝ አጠፋ፤ የአዳኝ ገንዘብም መለሰ።

ኒው ዚላንድ ሌላ ታሪክ ነው። ከሌሊት ወፍ በቀር ተወላጅ የሆነ የየብስ አጥቢ እንስሳ አልነበራትም። ቀይ አጋዘንን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡት እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ናቸው፤ ለአደን ብለው። የሚበላው አውሬ ስለሌለ ተራባና ጫካውን ጨረሰው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ደመወዝ ከፍሎ ማስገደል ጀመረ። ዛሬም በአብዛኛው የመንግሥት ጥብቅ መሬት ፈቃዱ በነፃ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይታደናል። ስኮትላንድም ተኩላ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀይ አጋዘን ችግኝ እየበላ አስቸግሮ በ2023 ወንዶቹን ማደን የተከለከለበት ወቅት ተነሳ። እዚያ "አትግደሉ" የሚል ሰው ስለ ዛፉም ማሰብ አለበት።

አሁን ደግሞ ወደ ሕንድ። እዚያ አደን በ1972 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው። ለእኛ ለጣና ሰዎች ግን ከሕጉ በላይ ሳንጋይ የሚባለው አጋዘን ታሪክ ነው መነገር ያለበት። የሚኖረው በማኒፑር ግዛት፣ ሎክታክ ሐይቅ ላይ ነው፤ አዎ፣ ሐይቁ ላይ። ሣሩ፣ ሥሩና የበሰበሰው ቅጠል ተጠላልፎ ወፍራም ተንሳፋፊ ምድር ይሠራል፤ ሳንጋይ በሱ ላይ እየተራመደ ይግጣል። በበጋ ውኃው ሲጎድል ያ ምድር ወርዶ የሐይቁን ወለል ይነካል፣ የዕፅዋቱ ሥር ከጭቃው ይመገባል፣ ይወፍራል። በ1983 ግድብ ተሠርቶ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ቀረ። ምድሩ መውረድ አቆመ፣ ሳሳ፤ የእንስሳውን ክብደት መሸከም ያቅተው ጀመር። ከግድቡ በፊትም ቢሆን፣ በ1975 የተቆጠሩት 14 ብቻ ነበሩ። በጥበቃ በ2016 ወደ 260 ደረሱ። የአደን ክልከላው ረድቷል፤ የውኃው ነገር ግን ዛሬም ፈተና ነው። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራ፣ እምቦጭ በእጁ የነቀለ የጣና ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። የሐይቅ ዳር ሕይወት የሚጠፋው በጥይት ብቻ አይደለም።

ወቅቱን ማምታታት

አውሮፓ ውስጥ ቀይ አጋዘን ለሴት የሚያገሳውና የሚዋጋው በእኛ መስከረም ነው። ኒው ዚላንድ ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ። እንግዳው በሚያዝያ አደንኩ ቢላችሁ ውሸታም አታድርጉት፤ መጀመሪያ አገሩን ጠይቁት።

"ችግር የለም፣ እናመቻቻለን"

ይህ ግን ከስህተት ያለፈ ነው። እንግዳው "እዚህስ ማደን ይቻላል?" ሲል "ሰው አለን" የሚል ደላላ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው እንግዳውንም ራሱንም እስር ቤት ሊከት ይችላል። የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ለአደን በተከለሉ ቦታዎች፣ በተወሰነ ቁጥር፣ በክፍያ። ጣና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት የተከለለ ጥብቅ ስፍራ ነው። አጭሩ መልስ "እዚህ አይቻልም" ነው፤ ፍላጎቱ የምር ከሆነ ባለሥልጣኑን እንዲጠይቅ ንገሩት። ማየት ይበቃኛል ካለ በጠዋት ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ውሰዱት፣ ጉማሬ ያሳየዋል። ጀልባውን ግን አታስጠጉ፤ በተለይ ግልገል ካላት።