በወሎ ቤቶች በእጅ የሚሠሩ ርካሽ ጌጦችና ስጦታዎች፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በእጅ የተሠራ የቤት ጌጥ ቶሎ የሚበላሸው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። የሚበላሸው ሠሪው የያዘው ሣር፣ ክር፣ ቅል ወይም ወረቀት ምን ጠባይ እንዳለው ሳያውቅ ሲጀምር፣ ዕቃው የሚቀመጥበትን ቤትም ሳያስብ ሲጨርስ ነው። በወሎ ይህን ማሰብ ግድ ነው። ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘውና ክረምቱን ጭጋግ ለብሳ በምትከርመው ደሴ የተሠራ ዕቃ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ሌላ አየር ያገኘዋል፤ ባቲ ቆላው ላይ ሲደርስ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ከዚህ በታች የማቀርባቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እናቴ ዘንድ ስፌት ስማር ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትን ደግሞ ልጆቼንና የጎረቤት ልጆችን ሳስተምር አይቻቸዋለሁ።

ብዙ ድካም በከንቱ የሚያስቀረው የመጀመሪያው ስህተት የስፌት ሣርን እርጥበት አለመመጠን ነው። አክርማም ሆነ ስንደዶ ደርቆ ከተቀመጠበት ወጥቶ እንዲሁ ቢሰፋ፣ ወስፌው በበሳው ቀዳዳ ገብቶ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ስለዚህ ላዩን የሚጠመጠመው ሣር ውሃ ነክቶት መለስለስ አለበት። ጀማሪ ግን ይህን ሲሰማ ሁሉንም ሣር አንድ ላይ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ያሳድረዋል። ውሃ የጠጣ ሣር ይወፍራል፤ በወፈረበት ሰዓት ተጠብቆ የተሰፋው ዙር በማግስቱ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ጥብቅ የነበረው ስፌት ይላላል፣ ወደ ብርሃን ቢያነሱትም በየዙሩ መካከል ክፍተት ይታያል። ይህ በኋላ የሚጠገን አይደለም። መፍትሔው ውስጥ የሚገባውን ሣር ደረቅ አድርጎ መያዝ፣ ላዩን የሚጠመጠመውን ደግሞ በአንድ ቁጭታ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ውሃ አስነክቶ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ነው። ሥራው ሲቋረጥም የተጀመረውን ስፌት ከእርጥቡ ሣር ጋር አብሮ ፌስታል ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ በደሴ ክረምት ሁለትና ሦስት ቀን እንደዚያ ያደረ ስፌት ሻጋታ ያወጣል፣ ሽታውም አይለቅም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የወቅት ጉዳይ ነው። ስንደዶ የሚነቀለው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአዲስ ዓመት መባቻ አካባቢ ነው፤ የገጠር ልጃገረዶች ተጠራርተው ለነቀላ የሚወጡትም ያን ጊዜ ነው። ይህን ወቅት አሳልፎ ለገና ስጦታ ለመስፋት ታኅሣሥ ላይ ሣር የሚፈልግ ሰው፣ ሌሎች መርጠው የተዉትን አጭርና ጉጥ የበዛበት ሣር በውድ ዋጋ ይገዛል። በመስከረም የተገዛ ሣር ጥላ ላይ ደርቆ፣ በየርዝመቱ ታስሮ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ቢሰቀል ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል።

የአለላ፣ ማለትም ቀለም የተነከረ የስፌት ሣር፣ ስህተት ለብቻው መነገር ያለበት ነው። ከገበያ የሚገዛው የዱቄት ቀለም በፈላ ውሃ ተበጥብጦ ሣሩ ይነከርበታል፤ ይህ ቀላል ሥራ ነው። የሚዘነጋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቀለም የጠጣ ሣር የሚታጠብበት ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግሞ መለቅለቅና ጥላ ላይ መድረቅ አለበት፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ አለላ ገና ሳይሰፋ ይደበዝዛል። ከደረቀ በኋላም ነጭ ጨርቅ ውሃ አስነክቶ ጠበቅ አድርጎ ማሸት ይገባል፤ ጨርቁ ከቀላ ወይም ካረነጓደደ ያ ሣር ገና አልታጠበም ማለት ነው። ይህ ፈተና ሳይደረግ የተሰፋ ሌማት እንጀራ ሲቀርብበት ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ዳግመኛ ፈተናውን አይዘለውም፤ እንጀራ እርጥብ ነው፣ ትኩስም ሊሆን ይችላል፣ ቀለሙንም ከሥሩ ይስበዋል። ለልብስና ለሣር የተሸጠ ቀለም ለምግብ የታሰበ ባለመሆኑ፣ ምግብ የሚነካው ገጽ ባልተቀለመ ሣር ቢሰፋ፣ አለላው ደግሞ ለጠርዝ፣ ለክዳንና ለውጭው ገጽ ቢቀር የተሻለ ነው። ግድግዳ ላይ ብቻ የሚሰቀል ሰፌድ ግን እንደ ልብ ይቅለም። እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር፦ ስድስትና ሰባት ቀለም የተደረደረበት ስፌት ዓይን ያደክማል። የሣሩ የተፈጥሮ መልክ አብዛኛውን ቦታ ይዞ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ሲገባበት ቅርጹ ከሩቅ ይነበባል፤ የድሮዎቹ ሰፊዎች ሥራ የሚያምረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላው ስህተት በመሶብ መጀመር ነው። መሶብ አካሉም ክዳኑም እግሩም የሚገጣጠም ሥራ ነው፤ ለሠለጠነ እጅ እንኳን ወራት ይወስዳል። በመሶብ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በወገቡ ላይ ትቶት ሣሩ አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል። ለጀማሪ የሚገባው የጀበና ማቶት፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ ወይም መዳፍ የምታህል ሙዳይ ናት። ማቶት በተለይ ጥሩ ትምህርት ናት፤ ትንሽ ናት፣ በጥቂት ቀናት ታልቃለች፣ ቡና በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚፈላበት የወሎ ቤት ውስጥም ወዲያው ሥራ ላይ ትውላለች። ስህተቷ ቢታይም ጀበናው ይሸፍነዋል።

በጨርቅና በክር ሥራ በኩል ያለው ዋና ስህተት ያልታጠበ ጨርቅ መስፋት ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ የመጀመሪያውን እጥበት ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ ከልብስ ሰፊ ቤት የሚገኝ የፋብሪካ ቁርጥራጭ ግን እንደ ዓይነቱ ጥቂት ይሰበሰባል ወይም ምንም አይሰበሰብም። ሁለቱ ተቀላቅለው የትራስ ልብስ ወይም የግድግዳ ጌጥ ሲሰፉ፣ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ አጥሮ ሌላው ይጨማደዳል። ስለዚህ የነጠላ ቁራጭም ይሁን የአሮጌ ጋቢ ክፋይ፣ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ መድረቅ አለበት። ቀይና ጥቁር ክር በነጭ ላይ ለመጥለፍ ያሰበ ሰውም ክሩን አስቀድሞ በለብ ያለ ውሃ ይፈትነው። የዳንቴል ሥራ ደግሞ ክር ሲያልቅ ከሌላ ጥቅል የተገዛው አንድ ዓይነት መስሎ መልኩ ሊለይ ስለሚችል፣ ለአንድ ዕቃ የሚበቃው ክር በአንድ ጊዜ ቢገዛ ይመረጣል።

ቅል ያልደረቀ እንደሆነ አይቀረጽም፣ አይቀለምም። ሲነቀነቅ ፍሬው ውስጡ ካልተንኳኳ ገና ውሃ አለው፤ ለዚህም ወራት መታገሥ ያስፈልጋል። ላዩ ላይ ያለው ቀጭን ቅርፊት ተፍቆ ካልለቀቀም ቀለሙ ከቅርፊቱ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በባቲ የሰኞ ገበያ በጨሌና በዛጎል ያጌጡ የቆላ ዕቃዎችን አይተው ያንኑ ለመሥራት የሚፈልጉ ቤተሰቦች፣ ዛጎሉን በሙጫ ከመለጠፍ ይልቅ በቆዳ ጠፍር ወይም በጠንካራ ክር ቢሰፉት ዕድሜ ይኖረዋል።

ለወረቀትና ለካርቶን ሥራ በቤት የሚፈላ የዱቄት ሙጫ ርካሽና ለልጆች ደህና ነው፤ ነገር ግን ዱቄት ምግብ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተቀመጠ የካርቶን ሳጥን ይሻግታል፣ ደርቆም ቢሆን ነቀዝና አይጥ ይፈልገዋል። ሙጫው በስሱ መቀባት፣ አንዱ ንብርብር ሳይደርቅ ሌላው አለመጨመር፣ የተጠናቀቀውም ገጽ በኮላ ወይም በቫርኒሽ መሸፈን አለበት። የተረፈ የዱቄት ሙጫ ከሁለት ቀን በላይ አይቀመጥም። ዕቃው የሚሰቀለውም በክረምት ውሃ በሚያዝል የጭቃ ግድግዳ ላይ ከሆነ ከኋላው ትንሽ እንጨት ገብቶ ከግድግዳው ቢርቅ መልካም ነው።

አሁን ደግሞ ከውበት ወደ ጤና የሚሻገረውን ስህተት ላንሣ፤ ይህ ያሳስበኛል። ጣሳና የፕላስቲክ ዕቃ ለአበባ ማስቀመጫ፣ ለማንኪያ መያዣና ለእርሳስ ማኖሪያ መዋሉ የሚመሰገን ቁጠባ ነው፤ ነገር ግን የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ወደ ቤት መግባት የለበትም። የገጠር ቤተሰብ በሆነበት ሁሉ እንዲህ ያለው ቢጫ ወይም ነጭ ጀሪካን ዓይን ይስባል፤ መድኃኒቱ ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል። የጣሳ አፍም በመቀስ ከተቆረጠ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ በመዶሻ መደቆስ አለበት። የዕጣን ማጨሻን ወይም የከሰል ምድጃን በዘይት ቀለም ማሳመርም ስህተት ነው፤ እሳት ሲያገኘው ቀለሙ ይቃጠላል፣ ቤተሰቡም ከዕጣኑ ጋር ጭሱን ይተነፍሳል። ማጨሻው ከሸክላ ከሆነ ገና ሳይተኮስ በጭቃው ላይ የሚቀረጽ ጌጥ ይበቃዋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን እርጥብ ስፌትን ወይም ቀለምን ለማድረቅ ከሰል አቀጣጥሎ በሩንና መስኮቱን መዝጋት ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ዕቃው ሦስት ቀን ዘግይቶ ይድረቅ።

ስለ ወጪም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። «በእጅ ከሠራነው በነፃ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ብዙዎችን ያሳስታል። አንዲት እናት ለአንድ የግድግዳ ጌጥ ብላ አዲስ ክር፣ አዲስ ጨርቅ፣ አዲስ መቀስና ሦስት ዓይነት ቀለም ብትገዛ፣ ወጪዋ ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ሊበልጥ ይችላል። ቁጠባው የሚመጣው አስቀድሞ ቤት ውስጥ ያለውን በመቁጠር ነው፦ ከሸማኔ የተመለሰ ትርፍ ድር፣ የተቀደደ ነጠላ ጥለት፣ ተተርትሮ እንደ ክር ሊሰፋበት የሚችል የማዳበሪያ ከረጢት፣ የአሮጌ ሹራብ ክር። መጀመሪያ ያለው ይቆጠር፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሠራ ይወሰን፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

ስጦታ ሲሆን ደግሞ ሠሪው የሚወደውን ሳይሆን ተቀባዩ የሚገለገልበትን መሥራት ይገባል። በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ መኖሩ የተለመደ ነው፤ እናም መስቀል የተጠለፈበት ጨርቅ ለገና ለአክስት የሚያስደስት ሆኖ ሳለ፣ ለአረፋ ወደ አጎት ቤት የሚሄደው ስጦታ ሌላ ጥልፍ ይፈልጋል። ለሁለቱም ቤት የሚሆነው ቡናን የተመለከተ ዕቃ ነው፦ የስኒ መሸፈኛ ዳንቴል፣ ማቶት፣ የፈንዲሻ ሰፌድ። የሙስሊም በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ከዓመት ወደ ዓመት 11 ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ፤ «አምና በዚህ ወር ነበር» ብሎ ሥራውን የጀመረ ሰው በዓሉ ቀድሞት ያገኘዋል። ለአዲስ ሙሽሮችም የኪራይ ቤታቸው አንድ ክፍል መሆኑን ሳያስቡ ትልቅ ዕቃ መስጠት ማስቸገር ነው።

ልጆችን በሚመለከት ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ለትንሽ ልጅ ወስፌ ማስያዝ ነው፤ ወስፌ የሚወጋው ወደ ሰፊው ፊት ነውና፣ ክንዱን የማይቆጣጠር ልጅ ዓይኑን ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ዕድሜ ሣር በየርዝመቱ መለየት፣ ቀለም ውስጥ የገባውን መቁጠር፣ ለእንቁጣጣሽ አበባ መሳል ይበቃል። ሁለተኛው ደግሞ ልጁ ከተኛ በኋላ ሥራውን ፈትቶ አሳምሮ መልሶ መስፋት ነው። ይህን ያደረግሁበት አንድ ምሽት አለ፤ ልጄ በማግስቱ የራሷን ማቶት አላወቀችውም፣ እስከ ክረምት ድረስም ወስፌ አልነካችም። የተጣመመው ዙር እንደተጣመመ ይቆይ፤ ከአጠገቡ ሌላ ቀጥ ያለ መስፋት ራሷ ትጀምራለች።

በመጨረሻ የሚዘነጋው ዕቃው እንዴት እንደሚያዝ ለተቀባዩ አለመንገር ነው። ስፌት ሳፋ ውስጥ ተነክሮ አይታጠብም፤ በውሃ ተነክሮ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ተገልብጦ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ክዳን ካለው ክዳኑ ሳይገጠም ያድራል። ስጦታው ሲሰጥ ይህንኑ በቃል መንገር፣ ለሩቅ ዘመድ የሚላክ ከሆነም በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በክር ማሰር ነው።